የላላ ጎማና የከንቲባው መንገድ

የአንድ ሰው ሚስት ከሞተች ዓመት አልሞላም። ጨቅላ ልጃቸውን አዝሎ በየቀኑ በብስክሌት እናቱ ቤት ያደርሳታል። ጎማውን አጠንክሮ ሲነፋው የመንገዱ ኮብልስቶን እያንገጫገጨ ስለሚያስለቅሳት፣ ሁልጊዜ ላላ አድርጎ ይነፋዋል።

ኮብልስቶኑን ያስነጠፉት ከንቲባ፣ አቶ ደምመላሽ፣ መንገዱን በሚመርቁበት ዕለት ልጁን አዝሎ ብስክሌቱን እንደያዘ ከሕዝቡ መሀል አዩትና መኪናቸውን አስቁመው ወረዱ። ጎማውን በጫማቸው ጫፍ ጫን አደረጉት።

«አንተ! ጎማህን ያላላኸው መንገዴ ይንጣል ለማለት ነው?»

«ኧረ በጭራሽ፣ ክቡር ከንቲባ!»

«እንግዲያው አሁኑኑ እንደ ከበሮ ወጥረህ ንፋው። እምቢ ካልክ መንገዴን ሰድበሃልና ብስክሌቱ ይወረሳል!»

ሰውየው ግን በተከፈተው በር ወደ መኪናው ውስጥ አየት አድርጎ ፈገግ አለ።

«መንገድዎ እንደ ሐር ነው፣ ክቡር ከንቲባ። እርስዎ መቀመጫዎ ላይ ሁለት ትራስ ደርበዋል፤ እኔ ደግሞ ትራሴን ጎማው ውስጥ ከትቻለሁ። ትራስ ይውጣ ካሉ አብረን እናውጣ!»

ሾፌሩ መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ሕዝቡም ሆዱን ይዞ ሳቀ። በመጨረሻ ከንቲባውም ሳቃቸው አመለጣቸውና «ሂድ፣ ሂድልኝ!» አሉት።

በዚያ ቀን የመጨረሻ ሥራው፣ መንገዱን ሙሉ የተኛችውን ልጁን ሳይቀሰቅስ ከጀርባው ማውረድ ነበር።