የአንጓች መደብ

ወደ ዝግባ አፋፍ የወጣ እንግዳ አስቀድሞ ዓይኑ የሚያርፈው በየደጃፉ በተሠሩት መደቦች ላይ ነው። በሌላው አገር መደብ የሚሠራው ከቤቱ ግድግዳ ተጠግቶ፣ ከአጥር ውስጥ፣ ለመቀመጥ በሚመች ቁመት ነው። በዝግባ አፋፍ ግን መደቡ ከአጥሩ ውጭ፣ ከበሩ ጎን፣ ፊቱን ወደ ቆላው መንገድ አዙሮ ይካባል፤ ቁመቱም ከልክ ያለፈ ስለሆነ ትልቅ ሰው እንኳ ሲቀመጥበት እግሩ እንደ ሕፃን ይንጠለጠላል። ከመደቡ ቀኝ ጫፍ ሥር ደግሞ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይቀመጣል። እንግዳው እግሩን ሊያሳርፍበት ሲል ባለቤቱ በትሕትና ወደ ግራ ጠጋ እንዲልለት ይለምነዋል። እንግዳው ይስቃል፣ ባለቤቱም አብሮት ይስቃል፣ ቦታው ግን አይለቀቅም።

ሌላም ደንብ አላቸው። ለቤት ሥራም ለአጨዳም ደቦ የሚጠራው የዝግባ አፋፍ ሰው፣ የመደብ ነገር ሲሆን ማንንም አይጠራም። ድንጋዩን ራሱ ይሸከማል፣ ጭቃውን ራሱ ያቦካል፣ ጣቱ ቢጨፈለቅም ራሱ ይክበዋል። መደቡ የተንጋደደበት አባወራ ዕድሜ ልኩን ሚስቱ ስትስቅበት ይኖራል እንጂ ጎረቤቱን አቃናልኝ አይልም። ይህ ሁሉ ከየት መጣ ተብለው ሲጠየቁ ሽማግሌዎቹ የአንዲት ሴት ስም ይጠራሉ። አንጓች ትባል ነበር ይላሉ።

እንደሚነገረው፣ አንጓች ለቢሻው በተዳረችበት ዘመን አፋፉ ላይ የነበሩት ቤቶች ጥቂት ነበሩ። ቢሻው ቤቱንም አጥሩንም በገዛ እጁ ሠርቶ ነው ያገባት። ሲበዛ ረጅም ነበርና አንጓች «ሽመላው» እያለች ትቀልድበት ነበር ይባላል። ድንጋይ ባስቀመጠ ቁጥር በጣቱ አንጓ ኳ ኳ አድርጎ መትቶ ጆሮውን ይሰጣል፤ ሥሩ ያልሞላ ድንጋይ ድምፁ ያስታውቃል ባይ ነው። ልማዱ እየባሰበት ሄዶ ሰው ቤት ተጋብዞ እንኳ የሚቀመጥበትን ሳይመታ አይቀመጥም ነበር፤ አንጓችም በዚህ ነገሩ እያፈረች ልብሱን ትጎትተው ነበር አሉ።

በዚያ አገር የመደብ ቁመት የሚወሰደው ከቤቱ ጌታ እግር ነው። ከተረከዙ እስከ ጉልበቱ ያለው፣ እሱ የመደቡ ልክ ይሆናል፤ ስለዚህ በደጅ ያለፈ መንገደኛ ጌታውን ሳያየው ቁመቱን መገመት ይችል ነበር። ቢሻው ግን መደቡን ከግቢ አውጥቼ ከመንገዱ ዳር ነው የምሠራው አለ። ሥራ ውሎ ሲገባ ከሚስቱ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ ፀሐይዋ ወደ ቆላው ስትወርድ ማየት አማረው። መሠረቱንም ጭንጫው እስኪገኝ ቆፍሮ፣ ከወንዝ የመረጣቸውን ትልልቅ ጥቋቁር ድንጋዮች ደረደረበትና አፈር መለሰበት፤ ድንጋዮቹ ከመሬቱ እኩል ሆነው ጠፉ። ከዚያ ከበሩ የወይራ መቃን ተጠግቶ ቆመ፤ አንጓች ተንበርክካ በጉልበቱ ትክክል መቃኑ ላይ በቢላዋ ምልክት ቆረጠች። ምልክቱን አየችና፣ እኔ አጭሯ ታዲያ በምን ልወጣበት ነው ብላ ጠየቀችው።

«እኔ አነሣሻለሁ» አላት።

ሆኖም በዚያው ሰሞን አንደኛው በሬያቸው ሞተ፣ እርሻውም ሊያመልጣቸው ሆነ። ቢሻው ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር ወርዶ፣ ጥጥ ጭኖ ነግዶ፣ ለበሬው ጓደኛ ይዞለት ሊመጣ ተነሣ። ለመስቀል እደርሳለሁ አላት። የሰበሰበውን የድንጋይ ክምር እያየ፣ መደቡን እኔው ስመጣ እጨርሰዋለሁና እንዳትደክሚበት ብሎ አስጠነቀቃት። ከዚያ የቆላውን መንገድ ይዞ ወረደ፤ ቁመቱ ከነጋዴዎቹ ሁሉ ይበልጥ ስለነበር እስከ ታችኛው ጠመዝማዛ ድረስ በዓይኗ ሸኘችው።

መስቀል ደረሰ፣ ነጋዴዎቹ ተመለሱ፣ ቢሻው አልነበረም። ከወንዙ ማዶ ንዳድ ይዞት ከአንድ ደግ ሰው ቤት ጥለነው መጣን አሏት። በሚቀጥለው ዓመት የወረዱት ደግሞ ደጉ ሰውዬም ቤቱም የለም ብለው ተመለሱ። ሞቷል ያሉ ነበሩ፤ ተሽሎት ወደ ሌላ አገር ተሻገረ ያሉም ነበሩ። አንጓች ሁሉንም ሰማች፣ አንዱንም አልያዘችም። ናፍቆቷ ግን ሥራ ስትፈታ እየመጣ ይቀመጥባት ነበርና ሥራ መፍታት ፈራች።

ያ የድንጋይ ክምር ቀስ በቀስ መጉደል ጀመረ። ጎረቤት አጥሩ ሲፈርስበት መጥቶ አንድ ያነሣል፤ ሌላው ለበረቱ ሁለት ይወስዳል፤ ባለቤት የሌለው መስሏቸው ነው። አንድ ቀን አንጓች ቢሻው ለመቀመጫው ብሎ የመረጠውን ሰፊ ድንጋይ ከሰው ትከሻ ላይ ሲሄድ አየችው። ተከትላ ሄዳ አስመለሰችው፤ በማግሥቱም ቀሚሷን ታጥቃ መካብ ጀመረች። በዚያ ዘመን ሴት ጭቃ ታቦካለች እንጂ አትክብም፤ ስለዚህ ያየ ሁሉ አፉን ያዘ። ደርበው የሚባለው ወንድሟ እጅ ሊያበድራት ቢመጣ፣ ይህ የሌላ ሰው እጅ አይገባበትም ብላ መለሰችው።

የመጀመሪያው ካብ የክረምቱ ዝናብ ገና ሲጀምር ተዘረገፈ። ድቡልቡሉን ድንጋይ ሁሉ በጭቃ አጣብቃ ነበር የደረደረችው። ሰውም ሳቀ። እሷ ግን ባሏ የካበውን አጥር ዙሪያውን እየዞረች አየችው፤ በየመካከሉ ረጃጅም ድንጋይ ወደ ውስጥ አግድም ገብቶ ውጭውን ካብ ከውስጠኛው ጋር እንደሚያያይዘው ያኔ ገባት። እጁ እንዲህ ነበር የሚሠራው ብላ አጥሩን በመዳፏ እየደባበሰች አለቀሰች ይባላል። ከዚያ እንደገና ጀመረች። እያንዳንዱን ድንጋይ እያስቀመጠች በጣቷ መታችው፤ ድምፁ ያልጣማትን አንሥታ በጠጠር ሞላችው። ጭቃውን ጭድ አስገብታበት እስኪላቁጥ ረገጠችው። መደቡ ከመቃኑ ምልክት ሲደርስ የአገር ዝናብ ወረደበት፣ አልተነቃነቀም።

ከዚያ ወዲያ ፀሐይ ልትገባ ስትል እየተንጠላጠለች ወጥታ ትቀመጣለች። እግሯ መሬት አይነካም፤ በቀኟ የአንድ ሰው ቦታ ትተዋለች።

ዓመታት ሲያልፉ ዘመዶቿ ተነሡባት። ደርበው ወንድሟ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የእህቱ ብቻዋን መቅረት አንገበገበው እንጂ። ተዝካሩ ይውጣ፣ ሙትም ይረፍ፣ አንቺም አግቢ አላት። ሽማግሌ ተሰበሰበ። ተዝካር ከወጣ ሰውየው በአገሩ ዘንድ ሞተ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ እጠብቃለሁ ማለት እብደት ይሆናል። አንጓች ይህን አውቃ ሽማግሌዎቹን ወደ ደጇ አወጣቻቸው።

«አባቶቼ፣ የባሌ ልክ ይኸውላችሁ» አለች። «እዚህ ላይ ተቀምጦ እግሩ መሬት የረገጠለት ሰው ከመጣ፣ ያን ጊዜ ቤቴ ይግባ። እስከዚያ ተዝካር የምታወጡለት ሰው የለም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ፣ ፈገግ አሉና ይሁን አሉ። ሊያገቧት የፈለጉ ወንዶች አንድ ሁለት እያሉ መጥተው ተቀመጡ፤ አንዱ እንዲያውም ከሥሩ ቆዳ የተደራረበበት ወፍራም ጫማ አድርጎ መጥቶ ነበር አሉ፤ ሁሉም እግራቸውን አንጠልጥለው ተሳቀባቸው። ውሎ አድሮ ቀልዱ የአገር ፍርድ ሆነ። እግሩ መሬት የነካ ቢሻው ነው፣ ያልነካ አይደለም ተባለ።

ታዲያ አንጓች ያላሰበችው አንድ ነገር ነበር። መደቡ የቆመው ከብት ወደ ወንዝ በሚወርድበት መንገድ ዳር ነው። በጋ በጋ ኮቴው አፈሩን ያደቀዋል፣ ክረምት ክረምት ጎርፉ ጠርጎ ይወስደዋል። መደቡ ጭንጫ ላይ ቆሞ ባለበት ሲቀር መንገዱ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እያለ ወረደ። ከመስቀል በኋላ መደቡን ስትመርግ ምርጊቱን ካምናው ትንሽ ዝቅ አድርጋ ታወርደው ነበር፤ ለምን ብላ ግን አልጠየቀችም። መውጣቱ እየከበዳት ሲሄድም ጉልበቴ ነው፣ አረጀሁ አለች።

እንዲህ እያለ አንድ ዓመት፣ ዝናቡ አቁሞ መንገዱ ሲደርቅ፣ አንጓች ከግቢ ውስጥ ሆና የመደቡን ጭቃ ትረግጥ ነበር። ከአጥሩ ውጭ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ሰማች። እግሯን ከጭቃው ሳታወጣ ቆመች። ይህን ድምፅ በሕልሟ ስንት ጊዜ ሰምታ ስንት ጊዜ ባዶ ደጅ አይታ ነበርና አላመነችውም፤ ቆማ አዳመጠች፣ የሰው ጉርምርምታ እንጂ ኳኳታው አልተደገመም። ኋላ ልቧ እምቢ ሲላት ወጣች።

ደጅ ላይ ደርበው ብቻውን ገመድ ይገምዳል። ማን ነበር ብትለው፣ አንድ የከሳ መንገደኛ ነው አላት። ከመደቡ ቀኝ ጫፍ ተቀመጠ፤ እግሩ ተንጠለጠለበትና ወደ ታች አየ፣ አየና የቤቱ ጌታ ይህን ያህል ረጅም ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ደርበውም ከኔም ካንተም ይበልጣል፣ አይክፋህ፣ እስካሁን የደረሰ የለም አለው። ሰውየውም ይበርታ ብሎ ተነሥቶ ሄደ።

«ከመቀመጡ በፊት መደቡን መታው?» አለች አንጓች።

ደርበው ገመዱ ከእጁ ወደቀበት። እሷ መልሱን አልጠበቀችም፤ ጭቃው ከእግሯ ሳይደርቅ የቆላውን መንገድ ይዛ ሮጠች። ከታችኛው ጠመዝማዛ ሳይደርስ ጀርባውን አየችው። ጎብጧል፣ ጠጉሩ ሸብቷል፤ ከኋላ ሲያዩት የማንም ሰው አባት ይመስላል። በስሙ ጠራችው። ቆመ እንጂ አልዞረም።

ኋላ እንደነገራት ይባላል፤ ያን ሁሉ ዘመን በሰው አገር በሽታና ባርነት ሲያንከራትተው አንድ ነገር ብቻ ይፈራ ነበር። መንገድ ሁሉ አልፎ ደጁ ሲደርስ የፈራውን አገኘ፤ ከመቃኑ አጠገብ መደብ ተሠርቷል፣ የቢላዋው ምልክት በዓመታት ምርጊት ተሸፍኗል፣ ልኩም የሱ አይደለም። በአገሩ ልማድ ይህ ማለት ቤቱ ሌላ ጌታ፣ ከሱ የሚረዝም ጌታ አለው ማለት ነው። ደርበውም አላወቀውም። ሚስቱን ከትዳሯ መሐል ገብቶ ከማሳፈር መንገደኛ ሆኖ መሄድን መረጠ።

«ይሁንሽ» አላት ፊቱን ሳያዞር። «ልኩን አይቻለሁ።»

አንጓች እጁን ይዛ አቀበቱን እየጎተተች መልሳ ከመደቡ ፊት አቆመችው፤ ተንበርክካም የመደቡን ሥር በጣቶቿ ትፈለፍል ጀመር። የዓመታት ምርጊት እየተቀረፈ ወደቀ፤ ከሥሩ እነዚያ ከወንዝ የመጡት ትልልቅ ጥቋቁር ድንጋዮች ብቅ አሉ።

«እነዚህን የደረደረው ማን ነው?» አለችው። «አንተ ከመሬት በታች ቀብረሃቸው ነበር። ዛሬ ከመሬት በላይ ናቸው። መደቡ ልክህ ነው ቢሻው፤ ከሥሩ የሄደው መሬቱ ነው።»

ቢሻው ድንጋዮቹን አየ፣ መንገዱን አየ። ከእግሩ እስከ ገዛ መሠረቱ አናት ያለውን ከፍታ በዓይኑ ለካው፤ ስንት ከብት፣ ስንት ክረምት እንዳለፈ፣ እሷም ያን ሁሉ ጊዜ የት እንደተቀመጠች ያን ጊዜ ገባው። ሽማግሌ ሰው በአደባባይ አያለቅስም ይባላል፤ እሱ ግን አለቀሰ፣ የከለከለውም አልነበረም።

ደርበው ከአፉ የወጣውን እያስታወሰ መሬት መሬት ያያል። ጎረቤቶች ተሰብስበው ነበርና አንዱ፣ ፍርዱ እኮ እግሩ መሬት የነካ ነው የሚል ነበር ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። አንጓች ሰማችው። ወደ ግቢ ገብታ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ በደረቷ አቅፋ አወጣች፤ ደርበው ሊቀበላት ሲል በዓይኗ መለሰችው። ቢሻውን በቀኙ ጫፍ አስቀመጠችና ድንጋዩን ከእግሩ ሥር አስገብታ አደላደለችው። በጣቷም መታችው። ቢሻው ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠ፣ ራሱንም ነቀነቀ፤ እግሩ አረፈ። ከዚያ ክንዱን ዘረጋላት። አቅሙ እንደ ድሮው አልነበረም፣ እሷም ከበድ ብላለች፤ ቢሆንም አነሣት ይላሉ።

ተዝካሩ አልወጣም። አብረው የኖሩት ዘመን ከተጠባበቁት ያንሳል ይባላል፤ ግን ፀሐይዋ ወደ ቆላው ስትወርድ አንድም ቀን አላመለጠቻቸውም።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የዝግባ አፋፍ ሰው መደቡን ሲሠራ ገና ከጅምሩ ከጉልበቱ አስበልጦ ያቆመዋል፣ በቀኝ ጫፉም ሥር ድንጋይ ያኖርለታል። ቦታው ከቤቱ ርቆ ለሄደ ሰው ነውና ሌላ አይቀመጥበትም። አንጓች የሠራችው ነው የሚባለው መደብ ዛሬም አለ። መንገዱ መውረዱን አልተወምና አሁን ቁመቱ ከሰው ደረት ይደርሳል፤ የወይራው መቃን ግን በስብሶ ከጠፋ ቆይቷል። መስቀል አልፎ መሬቱ ጠፈፍ ሲል ከወገኖቿ አንዱ ሰው ሳያግዘው ጠፍጣፋ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣና ከአምናው ድንጋይ ላይ ይደርበዋል። አስቀምጦም በጣቱ መትቶ ያዳምጣል።