በሞቴ፣ አንዲት ቀለበት ብቻ

አንዲት ሴት ለወንድሟ ምሳ እየሠራች ነበር። ሌላ ምንም የለም። ሁዳዴ ነው፤ ቅዳሜ ነው፤ ከቅዳሴ ተመልሰናል፤ እኩለ ቀን ሊሆን ነው። ወገኖቼ፣ ከዚህ የበለጠ ተራ ቀን ታውቃላችሁ?

ሴትየዋ ይርገዱ ትባላለች። ለልደትና ለሰርግ ኬክ እየጋገረች የምትኖር ናት። ወንድሟ ሰይፈ ታናሿ ነው፤ እኔ ደግሞ የሰይፈ አብሮ አደግ ነኝ። ያን ቀን ከቤተ ክርስቲያን ይዞኝ ሄዶ ነው እቤቷ የተገኘሁት።

ሰይፈ ከልጅነቱ ጀምሮ የተጠበሰ ሽንኩርት ነፍሱ ነው። እናታቸው ወጥ ስትሠራ ቁሌቱን ከድስቱ እየሰረቀ ይበላ ነበር። አሁን ግን ልቡን ታሞ፣ ሐኪም ዘይት ከልክሎታል። ታዲያ እህቱ ምን አደረገች? ትልልቁን ሽንኩርት በጣት ውፍረት ቆረጠችው። ቀለበት ቀለበቱን ለያየችው። በሽምብራ ዱቄት ሊጥ ነከረችው፤ የደረቀ ዳቦ ፈጭታ ፍርፋሪው ላይ አንከባለለችው። ትሪውን ዘይት እንዲያው ለወጉ አስነክታ፣ ኬክ የምትጋግርበት ኦቨን ውስጥ ከተተችው። ለማጥቀሻውም የተቀቀለ ሽምብራ ፈጭታ፣ ሰናፍጭ በጥብጣ፣ ሎሚ ጨመቀችበት።

በዚያ ሳምንት ብቻ ሦስት ጊዜ ሞክራዋለች። መጀመሪያ ለሰለሰባት። ቀጥሎ አረረባት። በሦስተኛው ቀጭ ቀጭ የሚል ሆነላት። እስቲ ንገሩኝ፣ ሰው ለሚጠላው ሰው ሦስት ጊዜ ይሞክራል?

ግን አኩርፋዋለች። ሁለት ዓመቷ ነው። እናታቸው ስትቀበር ሰይፈ አልደረሰም። ሩቅ አገር ሥራ ላይ ነበር፤ መርዶው ዘግይቶ ነው የደረሰው። እሷ ይህን አልጠየቀችም። «እናቱን ያልቀበረ ከእኔ ጋር አንድ ማዕድ አይቀርብም» አለች፤ በቃ።

ሲመጣ ታስተናግደዋለች። እጁን ታስታጥበዋለች። አጥግባ ትሸኘዋለች። አብራው ግን አትበላም። ይህን ዓይነት ኩርፊያ ታውቁታላችሁ አይደል? ጎረቤት አያየውም። ሽማግሌም አያስታርቀውም፤ ምክንያቱም ጠብ አይመስልም። መስተንግዶ ነው የሚመስለው።

ያን ቀን እሷ ምሳውን ልታደርስ ቀድማን ሄዳ ነበር፤ ሰይፈ መንገድ ላይ ምን አለኝ መሰላችሁ? «ዛሬ ሳላጎርሳት አልወጣም። አንዲት ከጎረሰችልኝ ታርቀናል ማለት ነው።»

ገባን። ታጠብን። ትሪው ወጣ።

«እንዴ! ይህ ሁሉ ቀለበት ለስንት ሙሽራ ነው?» አለ ሰይፈ። «እኔ አንድ የማስርላት አጥቼ አርጅቻለሁ።»

«ለአንተማ የሽንኩርቱም ይበዛብሃል» አልኩት።

ይርገዱ ልትስቅ ነበር። አየኋት። ከንፈሯን ነከሰችና «ዝም ብላችሁ ብሉ፤ ሲቀዘቅዝ ይለሰልሳል» አለች። ጓዳው በር ላይ ቆመች። አልተቀመጠችም።

ሰይፈ አንዷን ቀለበት አነሳ፤ ማጥቀሻው ውስጥ ነከራት፤ ወደ ራሱ አፍ አልወሰዳትም። ተነስቶ እጁን ወደ እህቱ ዘረጋ።

«እታለሜ፣ ነይ አፍሽን ክፈቺ።»

«በልቻለሁ።»

«መቼ በላሽ? ከቅዳሴ አብረን አይደል የወጣነው?»

«በልቻለሁ አልኩህ።»

«በሞቴ! አንዲት ቀለበት ብቻ።»

«በልቻለሁ ሰይፈ። አትነዝንዘኝ።»

እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ማጥቀሻው በጣቶቹ መካከል ወርዶ አንጓው ላይ ተንጠባጠበ። እኔ ምን አደረግሁ? «ይርገዱ፣ ተይ፣ ጉረሽለት» አልኩ? አላልኩም። የወንድምና የእህት ነገር ነው ብዬ ዓይኔን ሳህኑ ላይ ተከልሁ። ስድስት ቀለበት በላሁ ወገኖቼ። ስድስት። ጣፋጭ ነበር።

ሰይፈ ቀለበቷን መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጣት። ሳቀ። «እንግዲያው እኔም በልቻለሁ» አለ። «ጀርባዬን ትንሽ ላሳርፍ።» ሶፋው ላይ ጋደም አለ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሷም ድርሻውን ከደነችለትና ሁለተኛውን ትሪ ልታወጣ ገባች።

ስንት ደቂቃ ሆነ? አሥር? ከዚያ አይበልጥም።

«ተነስ፣ ትኩሱ ወጥቷል» አለች ከጓዳ። ዝም። «ኮራህ ደግሞ! የኩርፊያ አገር ገባህ?» ትሪውን ይዛ መጣች። «እስቲ ቀስቅሰው፤ ያንተን ነው የሚሰማው» አለችኝ።

እግሩን ነካሁት። ትከሻውን ያዝሁት። ወደ እኔ ሳዞረው…

ወገኖቼ፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ያ የተንጠባጠበው ማጥቀሻ አንጓው ላይ ገና አልደረቀም ነበር። አልደረቀም ነበር! ሰው ሞቶ ማጥቀሻው ገና እርጥብ ነበር። እንዲህም አለ እንዴ? እንዲህ ቅርብ ነው እንዴ?

ተሸክመን ሐኪም ቤት አደረስነው። «ልቡ ነው፤ እቤት እያለ ነው ያለፈው» አሉን። በማግስቱ ቀበርነው።

ሬሳው ሲወጣ ይርገዱ አላለቀሰችም። አፈር ሲመለስም አላለቀሰችም። እንደ ድንጋይ ሆና ተመለሰች። የዕድር ሴቶች ምግብ አቀረቡ። አንዲት ጎረቤት ጠቅልላ ወደ አፏ ዘረጋችና፣ እንደ ወጋችን፣ «ይርጌ፣ በሞቴ፣ ቅመሺ» አለቻት።

የጮኸችው ያን ጊዜ ነው። «በሞቴ አትበዪኝ! እሱም ብሎኛል! እሱም ብሎኛል!» ሴቶቹ ኀዘኑ አእምሮዋን የነካባት መስሏቸው ተሯሩጠው ያዟት። ምን እንደምትል የገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

«በሞቴ» በቀን ስንት ጊዜ እንላለን? ለአንዲት ጉርሻ ሞታችንን እናስይዛለን። ሰሚውም ይስቃል፤ እኛም እንስቃለን። በቃሉ ውስጥ ሞት እንዳለ ማናችን ሰምተናል? እኔ አርባ ሁለት ዓመት ስለው ኖሬ አልሰማሁትም ነበር።

እንዳትሳሳቱ። እምቢታዋ አልገደለውም። ሐኪሙ ነግሯታል፤ እኔም መቶ ጊዜ ነግሬያታለሁ። ብትጎርስለትም ያን ቀን ይሞት ነበር። እኔን የሚያሳብደኝም ይኸው ነው። ይሞት ነበር፤ ግን ታርቆ ይሞት ነበር። ልዩነቱ አንዲት የሽንኩርት ቀለበት ነበረች።

እና አልበላችም ነበር እኮ! ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም። «በልቻለሁ» ያለችው ውሸቷን ነው። ይህችን ውሸት ሁላችንም እናውቃታለን። ለጨዋነት እንላታለን፤ ማንም ኃጢአት ብሎ አይናዘዛትም። ያን ቀን ግን ይህች ጨዋ ቃል አንድን ሰው እጁን እንደዘረጋ አስቀረችው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። የምታበሉት፣ ግን አብራችሁት የማትበሉት ሰው አለ? ልብሱን የምታጥቡለት፣ ምሳውን የምትቋጥሩለት፣ ነገር ግን እሱ ሲቀመጥ ጓዳ የምትገቡበት? «እናንተ ጀምሩ፣ እኔ እደርሳለሁ» የምትሉት ባል፣ የምትሏት ሚስት፣ አማት፣ ወንድም አለ? አንቺ እህቴ፣ ከጎንሽ ለተቀመጠችው አታስቢ። አንተም ወንድሜ፣ «ይህ ለእገሌ ነው የተባለው» አትበል። ለአንተ ነው። ለእኔ ነው።

ለፋሲካ አታቆዩት። ሽማግሌ አትላኩ። እሱ ይጀምር አትበሉ፤ እሱ ምናልባት ጀምሮ ይሆናል፣ እናንተ አላያችሁለትም። ዛሬ፣ ከዚህ ወጥታችሁ፣ ምሳ ሲቀርብ አጠገቡ ተቀመጡ።

ምን ብዬ ልጀምር የሚል ካለ፣ ይቅርታ የሚለው ቃል አንደበቱ ላይ ከከበደው፣ ሌላ ቃል እሰጠዋለሁ። ቀላል ነው። ሕፃንም ይለዋል። እጁን ታጥቦ ይቅረብና «ርቦኛል» ይበል።

ሁለት ዓመት አብሮ ላልበላ ሰው፣ ውሸት አይሆንበትም።