ዱባው እስኪስቅ

ተረት ተረት ስላችሁ የላሙን በረት ለዛሬ ተዉትና ወደ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ውጡልኝ። የእኔ ተረት የሚኖረው እዚያ ነው። ደረጃው ስለሚያደክም ቀስ እያላችሁ።

በዚያ ቤት ሶልያና የምትባል የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ አስናቀ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ወደ ጅቡቲ ሊወጣ ነው። ሻንጣው በሩ ሥር ተቀምጧል፣ መኪናው ታች ቆሟል፣ አብሮት የሚነዳው ባልደረባው ጋቢና ውስጥ ሆኖ ይጠብቀዋል። አስናቀ ሄደ ማለት ደግሞ ሄደ ነው፤ መቼ እንደሚመለስ ወደቡ እንጂ እሱ አያውቅም። ሶልያና የፈለገችው አንዲት ትንሽ ነገር ነበረች፤ አባቷ ሳይሄድ፣ ጭኑ ላይ ተቀምጣ፣ ቤተሰቡ በሙሉ ተሰብስቦ፣ የሚስቀውን ዱባ ፊልም ማየት።

የዱባውን ወሬ ያመጣው ወንድሟ ናሆም ነው። ትምህርት ቤቱ ሃሎዊን የሚባለውን፣ ዱባ ተፈልፍሎ ፊት የሚቀረጽበትን የፈረንጆች የማስፈራሪያ በዓል አክብሮ ነበርና፣ እሱም ከጓደኞቹ ፊልም በፍላሽ አስጭኖ መጣ።

«አባዬ፣ ዱባውን ክፈትልኝ» አለች ሶልያና።

አስናቀ ሪሞቱን አነሳና ሰዓቱን አየ። የመንገደኛ ነገር፣ ልቡ ቀድሞ ደረጃውን ወርዷል። «ፍላሹ ናሆም ኪስ ውስጥ ነው። ናሆም ካልሰጠኝ ምኑን እከፍትልሻለሁ?» አላት።

ሶልያና ወደ ናሆም ሮጠች። «ናሆም፣ አባዬ ፊልሙን አልከፍትም አለ፣ ዱባውም አልሳቀም። ፍላሹን ስጠው።»

«አልሰጥም» አለ ናሆም። «ባለፈው የአጽሙን ፊልም ባሳይሽ ከእማዬ ቀሚስ ሥር አልወጣም ብለሽ ቁጣው የወረደው እኔ ላይ ነው። እማዬ ካልፈቀደች ፍላሹ ከኪሴ አይወጣም።»

ታች መኪናው ጡሩንባ ነፋ። ሶልያና ወደ ማድ ቤት ሮጠች። እናቷ ሰናይት ለባሏ ስንቅ ትቋጥራለች።

«እማዬ፣ ናሆም ፍላሹን አልሰጥም አለ፣ አባዬ ፊልሙን አልከፍትም አለ፣ ዱባውም አልሳቀም። ፍቀጂለት።»

ሰናይት ዝም ብላ የምትፈቅድ ሴት አይደለችም። ናሆምን ጠርታ እንደ ፖሊስ መረመረችው። ፍላሹ ላይ ያሉት ፊልሞች ሦስት ናቸው።

«የአጽሙን እንደሆነ አይተነዋል፤ አይደገምም። ሌላውስ?»

«ጠንቋይ ናት። መጥረጊያ ላይ ተቀምጣ ትበራለች።»

«ሦስተኛ ፎቅ የምትኖር ሕፃን መጥረጊያ ላይ የምትበር ሴትዮ አታይም፤ ነገ በረንዳ ላይ መጥረጊያ ይዛ ላገኛት ነው? የዱባውስ?»

«እሱ ይስቃል እንጂ ምንም አያደርግም። ምንም አያስፈራም፤ የሕፃን ነው» አለ ናሆም፣ ቅር እያለው።

የሰናይት ልብ ተረታ። ግን እናቷ እማማ የሺወርቅ ሳሎን ተቀምጠዋል፤ ቀኑ ደግሞ ጥቅምት ሃያ አንድ ነው። የፈረንጆቹ ማስፈራሪያና የእመቤታችን በዓል አንድ ቀን ላይ ውለውላችኋል። «እኔስ በፈቀድኩ» አለች ሰናይት፤ «እማማ ሳይፈቅዱ ግን በማርያም ዕለት እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ቤት አይከፈትም።»

መኪናው ደግሞ ነፋ። አስናቀ ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ ሻንጣውን አየ። ሶልያና ወደ ሳሎን ሮጠች።

«እማማ፣ እማዬ አልፈቅድም አለች፣ ናሆም ፍላሹን አልሰጥም አለ፣ አባዬ ፊልሙን አልከፍትም አለ፣ ዱባውም አልሳቀም። እሺ ይበሏት።»

እማማ የሺወርቅ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እኔ የማውቀው ዱባ ድስት ውስጥ ገብቶ ዝም የሚለውን ነው» አሉ። «የሚስቅ ዱባ የማን ሥራ እንደሆነ በምን አውቃለሁ? የንስሐ አባቴን ሳላስጠይቅ እሺ አልልም። አባ ወልደሐና ታች አንደኛ ፎቅ የማርያም ጽዋ ላይ ናቸው።»

ልጅን የላከ ራሱ ይከተላል ይባል የለ? እማማ ግን ጉልበታቸው እምቢ ስላላቸው ናሆምን አስከትለው ላኩ። ሶልያና ደረጃውን አንድ በአንድ፣ በቂጧም ጭምር እየተንሸራተተች ወረደች። ታች ማኅበርተኛው ሞልቷል። አባ ወልደሐና ዳቦውን ባርከው፣ ገና የመጀመሪያዋን ቁራሽ ጎርሰው ነበር። እሷ መስቀላቸውን እንኳ ሳትሳለም ጀመረች።

«አባ፣ እማማ እሺ አልልም አሉ፣ እማዬ አልፈቅድም አለች፣ ናሆም ፍላሹን አልሰጥም አለ፣ ዱባው ፊልሙን አልከፍትም አለ፣ አባዬም አልሳቀም።»

«ተገለበጠብሽ» አለ ናሆም። «የማይከፍተው አባዬ ነው፤ የማይስቀው ዱባው ነው።»

«አባዬም አልሳቀም» አለች ሶልያና።

ማኅበርተኛው ሳቀ። አባ ወልደሐና ግን ቁራሻቸውን አላምጠው፣ ውጠው፣ ጎንበስ አሉ። ልጅ ማስፈራት ለእሳቸው ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ በልጅነታቸው አያ ጅቦ መጣብህ እየተባሉ ያደጉ ናቸውና እስከ ዛሬ በምሽት ብቻቸውን መንገድ አይወጡም። «ሕፃን የሚፈራውን የሚያውቅ ሕፃኑ ራሱ ነው» አሉ። «አንቺ ሳትነግሪኝ እኔም አልፈቅድም። ዱባውን ትፈሪያለሽ?»

ነገሩ ዞሮ ዞሮ እሷው ላይ መጣ። አባ አልፈቅድም አሉ፣ እማማ እሺ አልልም አሉ፣ እናቷ አልፈቅድም አለች፣ ናሆም ፍላሹን አልሰጥም አለ፣ አባቷ ፊልሙን አልከፍትም አለ፣ ዱባው አልሳቀም፤ ሁሉም የሚጠብቀው የሶልያናን አፍ ነው። ውጭ መኪናው ረዘም አድርጎ ነፋ። ሶልያና ደንግጣ የአባን ቀሚስ ያዘች።

«ዱባ አልፈራም» አለች። «መኪናውን ነው የምፈራው።»

«ለምን ልጄ?»

«አባዬን ይወስደዋል።»

አባ ወልደሐና መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ አሳርፈው ባረኳት። «ሂጂ» አሉ በመጨረሻ፤ «አባ ፈቅደዋል በያቸው። ቶሎ በይ።»

ናሆም እህቱን አዝሎ ደረጃውን ወጣ። አባ ለእማማ ፈቀዱ፣ እማማ ለሰናይት እሺ አሉ፣ ሰናይት ለናሆም ፈቀደች፣ ናሆም ፍላሹን ለአባቱ ሰጠ። ሲሰጥም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሶልያና ታች ለአባ ያለችውን ነገረው። አስናቀ ፍላሹን እንደያዘ ልጁን አያት። ለመንገድ ሲቸኩል ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አንዴም እንዳላቀፋት ያኔ ገባው። ወደ መስኮቱ ሄዶ አንገቱን አወጣ።

«ወንድሜ፣ ሞተሩን አጥፋው» አለ ወደ ታች። «ልጄ ዱባ ልታሳየኝ ነው።»

ፊልሙን ከፈተ። ሰናይት ስንቁን እንደያዘች መጥታ ተቀመጠች፣ እማማ ለማንኛውም ብለው አማተቡ፣ ናሆም አያስፈራም እያለ ትራሱን አቀፈ። ሶልያና አባቷ ጭን ላይ ወጣች።

እንግዲህ ጅቡቲ መኪናውን ጠበቀች፣ መኪናው ባልደረባውን ጠበቀ፣ ባልደረባው አስናቀን ጠበቀ፣ አስናቀ ሶልያናን ጠበቀ፣ ሶልያና ዱባውን ጠበቀች። ዱባውም ሳቀ። ሶልያና ግን ዱባውን አላየችም፤ ቀና ብላ የምታየው አባቷን ነበር፣ እሱም ይስቅ እንደሆነ። ሳቀ።

ተረቴን መልሱልኝ። በዳቦው አፌን አታብሱት፤ ታች መኪናው ውስጥ ለሚጠብቀው ባልደረባ ውሰዱለት።