አረንጓዴዋ እስክሪብቶ

እህቶቼ፣ እስቲ ስለ አንዲት ተማሪ ልንገራችሁ። ስሟን ተዉት። እኛ ግቢ ተከራይታ የምትኖር፣ ሶሻል ወርክ የምታጠና፣ ሰላም ሳትል የማታልፍ ልጅ ናት። ክፉ አይደለችም። ክፉ ብትሆን ኖሮ ታሪኳ ለእኛ አይሆንም ነበር።

ከመመረቋ በፊት ለተግባር ልምምድ፣ እነሱ «አፓረንት» ለሚሉት፣ አንድ የወጣቶች ማዕከል ተመደበች። ሥራዋ ምንድን ነው? ለአንዲት ልጅ ታላቅ እህት መሆን። ልጅቷ ትርሲት ትባላለች፤ ዕድሜዋ አሥራ አራት፣ የምትኖረው ከአክስቷ ጋር። አሥራ ሁለት ቅዳሜ ተገናኝተው ያወራሉ፤ ያወሩትን ትርሲት በገዛ እጇ ቅጽ ላይ ጽፋ ትፈርማለች። በቃ። ይኼ ከባድ ነው?

ሦስት ቅዳሜ ሄደች። በአራተኛው ፈተና ደረሰ። በአምስተኛው የአጎቷ ልጅ ሰርግ ሆነ። በስድስተኛው ጸጉሯን ተሠራች። ከዚያማ መቅረት ተለመደ። መቅረት እንዴት እንደሚለመድ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ቅጹ ሰኞ ሊሰጥ፣ እሑድ ወደ እኔ መጣች።

«እትዬ፣ እስክሪብቶ ይኖርዎታል? ቀለሙ ለየት ያለ።»

«ሰማያዊ የለሽም እንዴ?»

«አለኝ፤ ጥቁርም አለኝ። ዘጠኝ ቅዳሜ በሁለት ቀለም ብቻ ከሆነ ያስነቃል ብዬ ነው።»

ሳቅሁ። «አንቺስ ቀላል ሰው አይደለሽም!» ብዬ አረንጓዴዋን ሰጠኋት። አዎ፣ እኔ።

ትርሲትን ጠርታ ለስላሳ ገዛችላት፤ ዘጠኙን ባዶ መስመር ፊቷ ዘረጋችላት።

«ምን ብዬ ልጻፍ፣ ሚስ?»

«ደስ ያለሽን። ብቻ እስክሪብቶውን እየቀያየርሽ።»

ልጅቷ ጻፈች። ብዙ ቆየች። ተማሪዋ ስልኳን ስትነካካ ቆይታ፣ ቅጹን ሳታነበው አጥፋ ቦርሳዋ ከተተችው። በማግስቱ አስረከበች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የማዕከሉ ኃላፊ ወይዘሮ እታፈራሁ አስጠሯት። ፊታቸው በርቷል።

«የኔ ልጅ፣ እንዲህ ዓይነት ሥራ አይቼ አላውቅም። አክስትየዋን ምን ብለሽ ነው ያሳመንሻት? ለሌሎቹ ተማሪዎች ትነግሪልኛለሽ።»

«የትኛዋን... አክስት?»

ቅጹን አቀበሏት። ያን ጊዜ አነበበችው።

«ጥቅምት 9፦ ክፍል ውስጥ የማወራው ሰው እንደሌለኝ ነገርኳት። እኔም ልጅ ሆኜ እንደዚያ ነበርኩ አለችኝ።»

«ኅዳር 14፦ አክስቴ ትምህርት አቁመሽ ሽንኩርት ሽጪ እንዳለችኝ ነገርኳት። ሚስ፣ አይዞሽ እኔ አለሁ አለችኝ።»

የመጨረሻው በአረንጓዴ ነው። «ታኅሣሥ 5፦ ሚስ ቤታችን መጥታ አክስቴን ለመነችልኝ። አክስቴ እሺ አለች።»

እህቶቼ፣ ልጅቷ ዋሸች ትላላችሁ? እኔ አልልም። ያች ልጅ በወረቀት ላይ እየለመነች ነበር። ሚስ ግን ስልኳን ትነካካ ነበር።

ተማሪዋ እዚያው እውነቱን ተናገረች፤ ይህን ልመስክርላት። ከዚያ እየሮጠች ገበያ ወረደች። ትርሲት ከሽንኩርት ክምር ኋላ ተቀምጣለች። ስታያት ብድግ አለች፤ እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ ዘረጋች። ለሰላምታ መሰላችሁ?

«ሚስ፣ የቀረ ፊርማ አለ እንዴ?»

ተማሪዋ ቤታቸው ሄዳ ስትለምናት አክስትየዋ በኋላ እሺ አለች። ትምህርት ቤቱ ግን «ስሟ ተሰርዟል፤ ለመስከረም አምጧት» አለ። ለልጅቷ አንድ ዓመት ሄደ። ተማሪዋም አሥራ ሁለቱን ቅዳሜ ከአንድ ጀምራ እየቆጠረች ነው፤ አሁን የሚገናኙት ሽንኩርቱ አጠገብ ነው።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል አላለፍኩም። ትምህርት መቅረት ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ግን ሳቅሁ። እስክሪብቶዋን መልሳልኛለች፤ እስካሁን ልጽፍባት አልቻልኩም።

እናንተስ? ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጸሎታችን ላይ መሪያችን «እህት ዘነበችን በሕመሟ ማን ጠየቃት?» ሲሉ እጅ ያወጣችሁትን አይቻለሁ። አታቀርቅሩ፤ የእኔም እጅ ወጥቶ ነበር። ስማችን ተመዘገበ። ቤቷን ግን ማን ረገጠ? በስልክ «እየጸለይንልሽ ነው» ብለን የዘጋን ስንቶቻችን ነን? እሷ እኮ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላናለች። ፈርማልናለች።

ከዚህ ስንወጣ መንገዳችን በእሷ በር ነው። ዛሬ እኔ እገባለሁ፤ የምትመጣ ትምጣ። ብቻ አንድ ነገር ፈርቻለሁ፤ በሩን ስትከፍትልን «ምነው፣ የቀረ ነገር አለ እንዴ?» እንዳትለን።