ሦስት ድንኳን ለአንድ ዳኛ

አንድ ቀን፣ እሑድ ነው፣ የወንዝ ማዶ እድርተኞች ለስብሰባ ተቀመጡ። አጀንዳው አንድ ብቻ ነበር፤ የጋሽ ድንበሩን ጥሩምባ መቀማት። መቀማት እንኳን አላሉትም፣ «ማሳረፍ» ነው ያሉት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው በሞተ ቁጥር ሰፈሩን እየዞረ ሲለፍፍ የኖረ ሰው፣ ያን የቆርቆሮ ጥሩምባውን ጭኑ ላይ አድርጎ እንደ ተከሳሽ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ከጥሩምባው ሌላ ምን አለው? ሰፈሩ የሚያውቀው በሱ፣ እሱም ራሱን የሚያውቀው በሱ።

ነገሩን ያመጡት የእድሩ ዳኛ አቶ ደምሰው ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፣ አይታሙም፤ ብቻ አዲስ ነገር ካዩ እንቅልፍ የላቸውም። ኢንጂነር ሱራፌል የሚባል ምላሱ የሰላ ጎረምሳ ይዘው መጡ። የእድርተኛው መዝገብ እዚያው እድር ቤት፣ የብረት ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎባት በምትኖር ኮምፒውተር ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ «የአባሎቻችን ስም ከዚህ ቤት አይወጣም» ብለው ምለዋል። ሱራፌል ታዲያ ምን አለ?

«ግድ የለም፣ መዝገቡ እዚሁ ይቀመጥ። አዛዧን ክላውድ ላይ አስቀምጣታለሁ። ክላውድ ማለት ደመና ነው፤ በኢንተርኔት የምትገኝ የሩቅ ኮምፒውተር። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ለደመናዋ በስልክ ይነግራታል። ደመናዋ በኔትወርክ የቁምሳጥኗን ኮምፒውተር ‹እገሌ ሞቷል፣ ጻፊ› ትላታለች። የቁምሳጥኗ ትጽፍና ለድንኳን ተካዮቹ ‹እዚህ ቤት ትከሉ› የሚል መልእክት በስልካቸው ትልካለች፤ ለደመናዋም ‹ጽፌያለሁ› ብላ ትመልሳለች። አለቀ! ጥሩምባ የለ፣ ሩጫ የለ።»

«ኔትወርክ ሲጠፋስ?» አለ ጋሽ ድንበሩ።

«አይስጉ ጋሼ። መልስ ካጣች ደግማ ትልካለች። እስኪመለስላት ትደጋግማለች፤ እንደ ሰው አይደክማትም።»

«ሰማህ ድንበሩ?» አሉ አቶ ደምሰው። «አይደክማትም! በል ሱራፌል፣ አሳያቸው።»

«ለሙከራ የማንን ሞት እንላክ?» አለ ሱራፌል፣ ፈገግ ብሎ።

እናንተዬ፣ ማን ስሙን ይሰጣል? እትዬ ዘውድነሽ «በስማም!» ብለው ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ። ሐጂ ሰይድ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «የሞተ ሰው ስም አይሆንም?» ቢሉ፣

«አይሆንም፤ መዝገቡ ላይ በሕይወት ያለ መሆን አለበት» አለ ሱራፌል።

«እንግዲያው የራስህን ስም ላከው» አሉት እትዬ ዘውድነሽ።

«እኔ አባል አይደለሁማ!»

አቶ ደምሰው ደማቸው ፈላ። «ሟርት፣ ሟርት! በዚህ ዘመን! በኔ ስም ሞክረው፤ እኔ አልፈራም!»

ሱራፌል ስልኩን ነካ ነካ አደረገ። ሰው ሁሉ ቁምሳጥኑ ላይ አፈጠጠ። ምንም። የወንዝ ማዶ ኔትወርክ መቼም ይመጣል፣ ይሄዳል። ቡናው ተፈልቶ እስከ በረካ ሲጠጣ ሱራፌል ዓይኑን ከስልኩ አልነቀለም።

«መልስ አልመጣም… አይዟችሁ፣ አሁን ደገመች… አሁንም የለም… ይኸው ለሦስተኛ ጊዜ ላከች… መለሰች! ‹ጽፌያለሁ› አለች!»

ጭብጨባው ቀለጠ። አቶ ደምሰው በገዛ ሞታቸው ደስ ብሏቸው ቆመው አጨበጨቡ። «በል ድንበሩ፣ ጥሩምባዋን አስረክብ።»

ጋሽ ድንበሩ ጥሩምባውን በጋቢው ጫፍ ወለወለው። ከንፈሩ የነካበትን ቦታ ሁለቴ ወለወለው። ተነሥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው፣ እጁን ግን ገና አላነሣም ነበር፣ በሩ ብርግድ!

የድንኳን ተካዮቹ አለቃ ማስረሻ ነው፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ መዶሻ ይዞ።

«ይቅርታ እድርተኞች! ሁለቱን ድንኳን ተክለናል፤ ለሦስተኛው ግን ግቢው አልበቃ አለ። አጥሩን እናፍርስ ወይስ መንገዱ ላይ እንትከለው? ወይዘሮ ስንዱ ደግሞ ገበያ ናቸው አሉ፤ እስካሁን ያረዳቸው የለም…»

«ስንዱ? የኔዋ ስንዱ?» አሉ አቶ ደምሰው።

ማስረሻ ዞር ሲል ሟች ቆመዋል። መዶሻው ከእጁ ወደቀ።

ለካ የቁምሳጥኗ ገና በመጀመሪያው ሰምታለች! ጽፋለች፣ ድንኳንም አዛለች። መንገድ ላይ የቀረው መልሷ ነው። ደመናዋ አልሰማችኝም ብላ ደጋገመች፤ የቁምሳጥኗም በተነገራት ቁጥር እንደ አዲስ ሞት ጻፈች። ሦስት ሞት፣ ሦስት ድንኳን። ሙከራ ነው ብሎ ለድንኳን ተካዮቹ የነገረ ደግሞ የለም።

ሰው ሁሉ ሱራፌል ላይ ጮኸ። እሱ ግን እጅ የሚሰጥ ልጅ አይደለም።

«ምን አጠፋች? መልስ ያጣ ይደግማል! ጋሽ ድንበሩስ ቢሆኑ? ለአንድ ሟች ሦስት ጊዜ አይደል እንዴ የሚነፉት? ወይስ ዋሸሁ?»

ሰው ሁሉ ወደ ጋሽ ድንበሩ ዞረ። እውነት ነዋ፣ ሦስቴ ነው የሚነፋው።

ጋሽ ድንበሩ ረጋ ብሎ፣ «አልዋሸህም ልጄ፣ ሦስቴ እነፋለሁ። ግን ሃያ ስድስት ዓመት ሦስቴ ስነፋ፣ ሁለቴ የተቀበረ ሰው አላየሁም። በሦስተኛው ጥሩምባ የመጣ እድርተኛ ዶማ አንሥቶ አዲስ ጉድጓድ አይምስም፤ መጀመሪያ ‹ቀብሩ ተፈጸመ ወይ?› ብሎ ይጠይቃል። ያቺ ቁምሳጥን ውስጥ የቆለፋችሁባት፣ ለቅሶ ደርሳ አታውቅም» አለ።

ሐጂ ሰይድ በሳቅ ከዘራቸው አመለጣቸው። አቶ ደምሰው ግን ጊዜ የላቸውም፤ ጥሩምባውን ከጠረጴዛው አንሥተው በገዛ እጃቸው ለጋሽ ድንበሩ አስታቀፉት።

«ሩጥ በል! ስንዱ ከገበያ ሳትደርስ ንፋ!»

«ምን ብዬ ዳኛዬ?»

«ደምሰው አልሞተም ብለህ!»

«ስንቴ ልንፋው?»

«ሦስቴ! ኧረ አራቴ ንፋው!»

ሱራፌልም ጥፋቱ ገብቶት፣ ለእያንዳንዱ ሞት ቁጥር ሰጠው፤ የቁምሳጥኗም አሁን ከመጻፏ በፊት «ይኼን ጽፌዋለሁ ወይ?» ብላ መዝገቧን ታያለች። ደግሞ ሞክሮታል፣ ይሠራል አሉ። በማን ስም እንደሞከረው ግን እስከ ዛሬ ትንፍሽ አላለም።