ፍላጻውና አጭሯ ጦር

ተረት ተረት፤ ሰሚ ጆሮ አይታጣ! አንዲት ግልገል እናቷን፣ ዳለቻ የምትባለውን በግ፣ «እምዬ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ፍላጻና አጭር ጦር ልዩነታቸው ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

ፍላጻው ሰምቶ ኖሮ እናቲቱን ቀደማት። «እኔ ከቀስት ተስፈንጥሬ ወንዝ ማዶ እደርሳለሁ። እሷ እንደሆን በእጅ ብትወረወር ከደጅ አታልፍም!» አለ።

በዚያው ቀን ዶፍ ሲወርድ ነብር እበረቱ ድረስ ገብቶ ግልገሏን ሊነጥቅ አደባ። ባለቤታቸው ቀስቱን ቢያነሳ ጅማቱ በዝናብ ርሶ ተልፈስፍሷል። ወዲያው አጭሯን ጦር ወረወራት፤ ከነብሩ አፍንጫ ሥር መሬቱ ላይ ተሰካች። ነብሩም እግሬ አውጪኝ ብሎ ጠፋ።

«እህቴ፣ እኔስ አፈርኩ» አለ ፍላጻው።

«ኧረ ተው ወንድም ዓለም! ነብሩን እስከ ዛሬ ከማዶ ያስቀረኸው አንተ አይደለህ?» አለችው።

ዳለቻ ይህን ስትሰማ ግልገሏን እየላሰች፣ «ሁለቱንም የሰጠን ፈጣሪ ይመስገን» አለች። በማግስቱ ጠዋት መንጋው ሲሰማራ እሷ ከግጦሽ ቀረች፤ ፀሐይ ላይ የተሰጣውን የቀስት ጅማት ውሻ እንዳይበላው ስትጠብቅ አረፈደች።