ከሥዕሉ ጀርባ የተቀመጠው ኪኒን

አንዲት እናት ነበረች። ቁመናዋ ያማረ፣ ድምጿ ከሦስተኛው ቤት የሚሰማ፣ "አመመኝ" ብላ ተኝታ የማታውቅ ሴት። ደብሪቱ እንበላት።

ይህች እናት ምንትዋብ የምትባል አንድ ልጅ አለቻት። ምንትዋብ ካገባች ብዙ ዓመት ቢሆናትም ልጅ አልወለደችም። ስንት ተለቀሰ! ስንት ደጅ ተጠና! በመጨረሻ እግዚአብሔር ሰማና አረገዘች። እናትየዋ ደስታዋን የምታደርግበት አጣች። አንድ ቀን ለእርግዝና ክትትል ጤና ጣቢያ አብራት ሄደች።

ነርሷ የልጅቱን የደም ግፊት ለካች፤ ደህና ነው። ከዚያ ወደ እናትየዋ ዞር ብላ፣ "እርስዎንስ፣ ከመጡ አይቀር ልለካዎት?" አለቻት።

"እኔን? እኔ ደግሞ ምን ሆንኩና!" አለች ደብሪቱ እየሳቀች። ለጨዋታ ያህል ክንዷን ሰጠች።

ነርሷ ለካች። ጥቂት አሳርፋ ደግማ ለካቻት። "እማማ፣ ግፊትዎ በጣም ከፍ ብሏል።"

"ልጄ፣ ይልቅ መለኪያሽን አሠሪው! ግፊት ቢኖርብኝ ራሴን አያመኝም ነበር?"

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ከመካከላችሁ እንዲህ ብሎ የማያውቅ ማን አለ? እኛ ካልፈለጠን፣ ካላዞረን፣ የታመምን አይመስለንም። ይህ በሽታ ግን አይናገርም። ደሙ የደም ሥራችንን ግድግዳ ከልክ በላይ ሲገፋ ይኖራል፤ ልብን ያደክማል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ የአንጎልን የደም ሥር ያበላሻል። ሰውየው ግን ይበላል፣ ይጠጣል፣ ሠርግ ላይ ይጨፍራል። አልተሰማኝም ማለት የለብኝም ማለት ነው እንዴ? አይደለም!

ሌላ ቀንም ተለካች፤ ያው ነው። ሐኪሙ በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን አዘዘላት፣ ጨው ቀንሺ አላት። እሺ ብላ ዋጠች። በቀጠሮዋ ሄዳ ስትለካ ግፊቷ ወርዷል። "ዳንኩ!" ብላ እልል እያለች ወጣች። ወገኖቼ፣ ግፊቱን ያወረደው ማን ነው? ኪኒኑ አይደለም? እሷ ግን ይህን ልብ አላለችውም።

ፍልሰታ ገባ። ደብሪቱ ተሳለች። "እመቤቴ ማርያም፣ ልጄን በሰላም ገላግለሽ እንድታሳዪኝ፣ በዚህ ሱባኤ ቅዳሴ እስኪወጣ ጠብታ ውኃ በአፌ አላስገባም" አለች። ኪኒኑ የሚዋጠው ደግሞ ጠዋት በውኃ ነው። ማታ ልዋጠው ወይ ብላ ሐኪሟን እንኳ አልጠየቀችም፤ ድኛለሁ ብላለቻ! ኪኒኑን አነሣችና ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ከእመቤታችን ሥዕል ጀርባ ሻጥ አደረገችው። "አንቺ ጠብቂልኝ" አለች።

"እማዬ፣ ኪኒንሽን ወሰድሽ?" ትላታለች ምንትዋብ።

"ወስጃለሁ የኔ ልጅ።"

አያችሁ? ውኃ አልጠጣም ያለችው እናት በጾም ዋሸች!

አንድ ቀን ቅዳሴ ላይ ቆማ ሳለች የያዘችው ጧፍ ከቀኝ እጇ ወደቀ። ጎንበስ ብላ አነሣችው። እንደገና ወደቀ። ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት። አጠገቧ የነበረችው ሴት "ምነው፣ ምን ሆንሽ?" ስትላት ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ተኮላተፈባት።

"ጾሙ ነው፣ ደክሟት ነው" አሉ ሴቶቹ። "ጥላ ሥር አስቀምጧትና ትረፍ።"

የንስሐ አባቷ መምሬ አያልነህ ግን አፏ ወደ አንድ ጎን መሳቡን አዩ። "ምን ዕረፍት ነው የምታወሩት! መኪና ጥሩ! አሁኑኑ ሐኪም ቤት!"

ተመስገን፣ ሳይመሽ እጇም አንደበቷም ተመለሰላት። ሐኪሙ ግን፣ "እማማ፣ ይህ ግፊቱ ያመጣው የስትሮክ ማስጠንቀቂያ ነው። ሁለተኛ ከመጣ ላይመለስልዎት ይችላል" አላት።

በማግስቱ መምሬ ሊጠይቋት ቤቷ መጡ። ደብሪቱ ስታያቸው እንባዋ ቀደማት።

"አባቴ፣ ስለቴን አፈረስኩ፤ ቅዳሴ ሳይወጣ ሐኪም ቤት ውኃ ጠጣሁ።"

"ስለ ምን ነበር የተሳልሽው?"

"ምንትዋብ በሰላም እንድትገላገልልኝ።"

"ከተገላገለችስ በኋላ?"

"እ?"

"ስትወልድ ማን ያርሳታል? ገንፎውን ማን ያገነፋላታል? ሕፃኑን ማን ያጥብላታል? አንቺ አልጋ ላይ ከዋልሽ፣ ያቺ ልጅ ከአራስ ቤት ወጥታ አንቺን ልታገላብጥ ነው?"

ደብሪቱ ቀና ስትል ምንትዋብ ሆዷን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች፤ እንባዋ ይወርዳል። "እማዬ፣ እኔ እኮ ካንቺ ሌላ የሚያርሰኝ የለኝም" አለቻት።

"ለመሆኑ ኪኒኑ የታለ?" አሉ መምሬ።

ወደ ሥዕሉ ጠቆመቻቸው። መምሬ ተነሥተው ከጀርባው ሲያወጡት ሳቃቸው አመለጣቸው። "አንቺ ሴት! እመቤታችንን የለመንሻት ልጅሽን እንድትጠብቅልሽ ነው ወይስ ኪኒንሽን? የታመመ ሰው ጹም ተብሎ አይገደድም። ሐኪምሽ ከፈቀደልሽ ከምግብ ጹሚ፤ ከመድኃኒት ግን አትጾሚም። አዝዤሻለሁ፤ ዋጪ!"

ምንትዋብ ውኃ አመጣች። እናት ልጇን እያየች ዋጠች፤ ከዚያ ወዲህም አላቋረጠችም።

መስከረም ላይ ምንትዋብ ወለደች። ገንፎውን ማን ያገነፋ ይመስላችኋል? ያቺው ደብሪቱ! ጧፉ በወደቀበት በቀኝ እጇ!

እናንተስ እናቶቼ? እናንተስ አባቶቼ? "ወረደልኝ" ብላችሁ በራሳችሁ ፈቃድ ያቆማችሁ የላችሁም? ጠበል እጠመቃለሁ ብላችሁ መድኃኒቱን የጣላችሁ የላችሁም? ተጠመቁ! ጠበሉን የባረከ አምላክ ለሐኪሙም ጥበብ ሰጥቶታል፤ እነሱን ማን አጣላቸው? "ግፊቴ ሲነሣ ይታወቀኛል" የምትሉትም አላችሁ፤ አውቃችኋለሁ። አይታወቃችሁም! የሚያውቀው መለኪያው ነው።

ዛሬ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ዛፉ ሥር ሁለት ነርሶች መለኪያ ይዘው ተቀምጠዋል። እኔ ጠዋት ተለክቼ ጨው ቀንስ ተብያለሁ፤ እንግዲህ የምትጋብዙኝ ሰዎች ስሙ! ቤታችሁ ስትገቡም ከሥዕሉ ጀርባ፣ ከሣጥኑ ሥር የሸጎጣችሁት ኪኒን ካለ አውጡትና ነገ ወደ ሐኪማችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

በእያንዳንዳችሁ ቤት አንድ ምንትዋብ አለች። አንዷ እናቴ ታርሰኛለች ብላ፣ አንዱ አባቴ ይድረኛል ብሎ እናንተን ይጠብቃል። ኑሩላቸው። አሜን በሉ፤ ብላችሁም እጅጌያችሁን እየጠቀለላችሁ ተሰለፉ!